ስለ ሞሪታንያ ታሪክና ሕዝቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። የሰውና የቦታ ስሞች በተቻለ መጠን በአገሬው አጠራር ተጽፈዋል።

ሞሪታንያ የት ናት? ከሞሪሸስስ በምን ትለያለች?

ሞሪሸስ በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት፤ ከስም መመሳሰል በስተቀር ከሞሪታንያ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። ሞሪታንያ በምዕራብ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በሰሜን «ምዕራብ ሳሃራ» የተባለው ግዛትና አልጄሪያ፣ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ ማሊ፣ በደቡብ ደግሞ የሴኔጋል ወንዝ የሚያዋስኗት፣ አብዛኛው መሬቷ በረሃ የሆነ አገር ናት። ስፋቷ 1,030,700 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ከኢትዮጵያ ብዙም አታንስም፤ የሕዝቧ ቁጥር ግን 5 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሮማውያን ሞሪታንያ ይሉት የነበረው ግዛት የዛሬውን ሰሜን ሞሮኮና ሰሜን አልጄሪያ የሚሸፍን እንጂ ወደዚህ በረሃ የደረሰ አልነበረም። ስሙን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አምጥተው ለዚህ አገር የሰጡት ፈረንሳዮች ናቸው። ከዚያ በፊት አገሬው ሲጠራ የኖረው ትራብ አል ቢዳን፣ ማለትም የቢዳኖች ምድር በሚለው ስም ነበር፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ደግሞ በአንዲት ከተማው ስም ቢላድ ሺንቂጥ ይባል ነበር።

የአገሪቱ ሕዝቦች እነማን ናቸው?

በተለምዶ «ሰሜኑ ዐረብ፣ ደቡቡ ጥቁር» የሚባለው አነጋገር ለጋዜጣ ርዕስ ይመች እንደሆነ እንጂ አገሪቱን አይገልጽም። ከዚህ ይልቅ በቋንቋ መጀመር ይሻላል። ከሕዝቡ አብላጫው የሚናገረው ሐሳኒያ የተባለውን የዐረብኛ ዘዬ ነው፤ የዚህ ቋንቋ ተናጋሪዎች በጥቅሉ ሙር ይባላሉ። እነርሱም በሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኞቹ ራሳቸውን ከዐረብና ከበርበር ዘር የሚቆጥሩት ቢዳን፣ ሌሎቹ ደግሞ በአብዛኛው በባርነት ተይዘው ከነበሩ ሰዎች የሚወለዱት ሐራጢን ናቸው።

በሴኔጋል ወንዝ ሸለቆ የሚኖሩት ሌሎቹ ሦስት ሕዝቦች የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በመካከለኛው ሸለቆ፣ በቦጌና በካኤዲ አካባቢ፣ ፑላር ተናጋሪ የሆኑት ሃልፑላሮች ይኖራሉ፤ በዘር ከፉላኒዎች ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ከእነርሱ ወደ ምሥራቅ፣ ጊዲማካ በሚባለው አውራጃ፣ ሶኒንኬዎች ይገኛሉ። ወሎፎች ደግሞ በቁጥር አነስተኛ ሆነው ወደ ወንዙ አፍ፣ በሮሶ አካባቢ ሰፍረዋል። ወንዙ ዛሬ የሁለት መንግሥታት ድንበር ቢሆንም ለእነዚህ ሕዝቦች ግን የአንድ አገር መካከል ነበር፤ ቤታቸው በአንደኛው ዳርቻ፣ እርሻቸው በሌላኛው የሆነ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም።

መንግሥት በብሔር የተከፋፈለ ቆጠራ አያወጣም፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። በውጭ አገር ምንጮች አዘውትሮ የሚጠቀሰው ግምት ሐራጢኖችን ወደ 40 በመቶ፣ ቢዳኖችን ወደ 30 በመቶ፣ የወንዙን ሕዝቦች ደግሞ የቀረውን ያደርጋል። በአገሪቱ ውስጥ ግን ይህ አኃዝ ራሱ የፖለቲካ ክርክር ነው። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ የማሊኪን መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ዘርፍ) የሚከተል ሱኒ ሙስሊም ስለሆነ ልዩነቱ የሃይማኖት አይደለም።

ቢዳን ማለት «ነጭ» ማለት ከሆነ ሐራጢን የሚለየው በቆዳ ቀለም ነው ማለት ነው?

ቃሉ በቀጥታ ሲተረጎም እንዲያ ይመስላል፤ ነገር ግን በተግባር የሚለየው የትውልድ ሐረግ ነው። ቆዳው እንደ ማንኛውም ሐራጢን የጠቆረ ቢዳን በብዛት ይገኛል፤ አባቱ ከታወቀ ነገድ የሚቆጠር ከሆነ ማንም ቢዳንነቱን አይጠራጠርም። ሐራጢኑ በአንጻሩ ቋንቋው ሐሳኒያ፣ አለባበሱ፣ ሻዩና ግጥሙ ከቢዳኑ ጋር አንድ ሆኖ ሳለ፣ በነገዱ ውስጥ የሚያዘው ቦታ የአያቱን የባርነት ታሪክ ተከትሎ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ሐራጢኖች የሙሮች አንድ ክፍል ናቸው ወይስ ራሳቸውን የቻሉ ሕዝብ የሚለው ጥያቄ በራሳቸው በሐራጢን ፖለቲከኞች መካከል እንኳ ስምምነት የተደረሰበት አይደለም። መልሱ ወደ የትኛው ወገን እንደሚያጋድል የአገሪቱን የአብላጫነት ሚዛን ስለሚወስን ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይሆንም።

በዐረብ አገር ኖሮ ዐረብኛ የለመደ ሰው ሐሳኒያን ይረዳዋል?

በከፊል ይረዳዋል። ሐሳኒያ ከዘላን ዐረቦች የወጣ ዘዬ ስለሆነ ከጎረቤቱ ከሞሮኮ ዐረብኛ ይልቅ በአንዳንድ ጠባዩ ወደ ባሕረ ሰላጤው አነጋገር ይቀርባል፤ ለምሳሌ በመጽሐፉ ዐረብኛ «ቃፍ» የሚባለው ድምፅ በብዙ ቃላት ውስጥ እንደ ሪያድ ሰው «ገ» ሆኖ ይነገራል። የሚያስቸግሩት ከበርበር የገቡት ቃላት ናቸው። ዐረብኛ ከመስፋፋቱ በፊት በምድሩ ይነገር የነበረው ዘናጋ የተባለው የበርበር ቋንቋ ሲሆን ዛሬ በደቡብ ምዕራብ፣ በትራርዛ፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ብቻ ይናገሩታል።

ከእስልምና በፊት በዚህ ምድር ማን ይኖር ነበር?

ሳሃራ ሁልጊዜ እንደዛሬው ደረቅ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት 2000 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ዳር ትሺት በሚባለው ገደል ጫፍ ላይ በድንጋይ ካብ የታጠሩ ሰፋፊ መንደሮች ነበሩ፤ ነዋሪዎቹ ከብት ያረቡ፣ ፐርል ሚሌት የሚባል ዳጉሳ መሰል እህል ያመርቱ እንደነበር በሸክላ ስብርባሪ ላይ ታትመው የቀሩት የእህል ቅርፊቶች ያሳያሉ። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት እነዚህን ሰዎች የሶኒንኬዎች ቀደምት አባቶች አድርገው ይገምቷቸዋል። በረሃው እየገፋ ሲመጣ ጥቁር ገበሬዎቹ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ከሰሜን የመጡት የሰንሃጃ በርበሮች ደግሞ በግመል ምድሩን ያዙት።

ሶኒንኬዎች የመሠረቱት ዋጋዱ የተባለው መንግሥት በዐረብ ጸሐፍት ዘንድ የሚታወቀው ጋና በሚል ስም ነው፤ ከዛሬዋ ጋና ጋር የመሬት ግንኙነት የለውም። ዋና ከተማው ነበረ ተብሎ የሚታመነው የኩምቢ ሳሌህ ፍርስራሽ በደቡብ ምሥራቅ ሞሪታንያ፣ ከማሊ ድንበር አቅራቢያ ይገኛል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአንዳሉሱ (የሙስሊም ስፔኑ) ጸሐፊ አል በክሪ ከተማይቱ ሁለት እንደነበረች፣ አንደኛዋ 12 መስጊዶች ያሏት የነጋዴዎች ሰፈር፣ ሌላኛዋ ደግሞ የተቀደሰ ደን የከበባት የንጉሡ መቀመጫ እንደነበረች ጽፏል። ሀብቷ ከወርቅና ከጨው ንግድ የሚገኝ ሲሆን ንጉሡ ወደ አገሩ ከሚገባውም ሆነ ከሚወጣው ጨው ላይ ቀረጥ ይወስድ ነበር።

በስተ ምዕራብ፣ በሴኔጋል ወንዝ ዳር፣ ተክሩር የተባለ ሌላ መንግሥት ነበር፤ ገዢው ዋር ጃቢ በ1040 ገደማ ከመሞቱ በፊት እስልምናን ተቀብሏል። የተክሩር ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ መካ የሚጓዙ ምእመናን በየመንገዱ ስለሚሰፍሩ ስሙ ከጊዜ በኋላ የምዕራብ ሙስሊሞች ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመተማ ሰፍረው የጠረፉን ንግድ ይዘው የነበሩት ተክሩሪዎች የሚባሉትም፣ ምንም እንኳ ብዙዎቹ ከዳርፉር የመጡ ቢሆኑ፣ በዚሁ ስም የሚጠሩ ነበሩ።

ሙራቢጡን የሚባሉት እነማን ናቸው?

ከዚህ በረሃ ተነሥቶ እስከ ስፔን የደረሰ ብቸኛው ኃይል ናቸው። አንድ የሰንሃጃ አለቃ ከሐጅ ሲመለስ ሕዝቡን ሃይማኖት የሚያስተምርለት ሰው ፈልጎ ዐብደላህ ኢብን ያሲን የተባለውን መምህር ይዞ መጣ። መምህሩ እጅግ ጥብቅ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ተባረረ፤ ኋላ ግን ተከታዮችን ሰብስቦ በ1054 ገደማ ሁለቱን የንግድ በሮች፣ በሰሜን ሲጂልማሳን፣ በደቡብ አውዳጉስትን ያዘ። ኢብን ያሲን በ1059 በጦርነት ላይ ከሞተ በኋላ አመራሩ በአቡ በክር ኢብን ዑመርና በዘመዱ በዩሱፍ ኢብን ታሽፊን መካከል ተከፈለ፤ አቡ በክር ወደ በረሃው ሲመለስ ዩሱፍ በሰሜን ቀርቶ ማራካሽን አጠናከረ፣ በ1086ም ባሕር ተሻግሮ የካስቲልን ንጉሥ በዘላቃ ድል አደረገ።

ብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሙራቢጡን በ1076 ጋናን በጦር እንዳፈረሱ ይናገራሉ። ይህ አባባል የቆመበት ማስረጃ ቀጭን መሆኑን የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንት ስላሳዩ፣ የጋና መድከም በአንድ ቀን ውጊያ የመጣ ሳይሆን የንግዱ መንገድ እየተቀየረ ሲሄድ ቀስ በቀስ የሆነ ነው ማለቱ ይበልጥ ያስኬዳል።

ኅብረተሰቡ በጦረኛና በሊቅ ነገዶች የተከፈለው እንዴት ነው?

ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በኒ ሐሳን የተባሉ ዘላን ዐረቦች ከሰሜን ወደ ምድሩ እየገቡ ሰንሃጃዎቹን ይጫኗቸው ጀመር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ናስር አል ዲን የሚባል የሃይማኖት መሪ በጦረኞቹ ላይ አመፅ አስነሣ፤ ሻር ቡባ በመባል የሚታወቀው ይህ ጦርነት በአፈ ታሪክ ከ1644 እስከ 1674 ለሠላሳ ዓመት እንደቆየ ይነገራል፤ ከባዱ ውጊያ የተካሄደው ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። መሪው ተገደለ፣ ወገኖቹም ተሸነፉ።

ከሽንፈቱ በኋላ የተፈጠረው ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ በሰው ስምና በጋብቻ ምርጫ ውስጥ ይታያል። አሸናፊዎቹ ሐሳን የሚባሉት የጦር ነገዶች ሲሆኑ መሣሪያ መያዝና ግብር መሰብሰብ የእነርሱ መብት ሆነ። ዛዋያ የተባሉት ደግሞ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ቁርኣንን፣ ፍርድን፣ የጉድጓድ ቁፋሮንና ንግድን ያዙ። ከሁለቱ በታች ለጦረኛው የሚገብሩ ገባሮች፣ ከእነርሱም በታች የእጅ ሥራ ባለሙያዎች፣ ሐራጢኖችና ባሮች ነበሩ። ቀጥቃጩ የሚፈለግም የሚናቅም ሰው ነበር፤ ግመል ኮርቻ፣ ቁልፍና ጌጥ የሚሠራው እርሱ፣ በጋብቻ የሚገለለውም እርሱ ነው። ኢጋዌን የሚባሉት ዘፋኞች ከእኛ አዝማሪዎች ጋር የሚመሳሰሉ ናቸው፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ለባላባቱ ያወድሳሉ፣ ሲከፉም ያዋርዳሉ። ወንዱ ቲዲኒት የተባለውን ባለ ጥቂት ክር መሣሪያ ሲመታ፣ አርዲን የሚባለውን በገና መሰል መሣሪያ የምትደረድረው ግን ሴቲቱ ብቻ ናት።

በጦር የተሸነፉት ዛዋያዎች በስተኋላ በዕውቀት የበላይ ሆነው መገኘታቸው የዚህ ታሪክ ያልተጠበቀ ውጤት ነው። የአገሪቱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሞክታር ዉልድ ዳዳህ ራሱ የተወለደው ከዛዋያ ቤተሰብ ነበር።

ሺንቂጥ ለምን ይህን ያህል ታዋቂ ሆነች?

በአድራር ተራራማ አውራጃ የምትገኘው ይህች ከተማ የካራቫን ማረፊያና ወደ መካ የሚሄዱ ሰዎች የሚሰባሰቡባት ቦታ ነበረች፤ ከዚያ የወጡ ሊቃውንት በካይሮና በመዲና ስለሚያስተምሩ የመላው አገር ሰው «ሺንቂጢ» ተባለ። ከዋዳን፣ ከትሺትና ከዋላታ ጋር በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

ዛሬ የአሮጌዋ ከተማ መንገዶች በአሸዋ እየተሞሉ ነው። በየቤተሰቡ እጅ የቀሩት ቤተ መጻሕፍት በሮች ከግራር እንጨት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ቁልፋቸውም ራሱ እንጨት ነው፤ ጥርስ ያለው፣ የክንድ ግማሽ የሚያህል፣ የጥርስ ብሩሽ የመሰለ ዘንግ በቀዳዳው ገብቶ መወርወሪያውን ከፍ ሲያደርግ በሩ ይከፈታል። ውስጡ በቆዳ የተለበጡ የፍርድ፣ የሥነ ፈለክና የሰዋስው መጻሕፍት አሉ፤ አንዳንዶቹ በሚዳቋ ብራና የተጻፉ ናቸው። ጠላታቸው ምስጥና ድንገት የሚመጣ ጎርፍ ነው።

መጻሕፍቱን ያፈራው ትምህርት ቤት ማሐድራ ይባላል። ሕንጻ የለውም፤ መምህሩ ከከብቱ ጋር ሲጓዝ ተማሪው አብሮ ይጓዛል። ትምህርቱ የሚጻፈው በወሎ ወይም በሐረር ቁርኣን የቀራ ሰው በሚያውቀው ሉሕ ላይ ነው፤ ተማሪው በከሰል ቀለም የጻፈውን በቃሉ ሲይዝ ሰሌዳውን አጥቦ የሚቀጥለውን ይጽፋል። ሞሪታንያ «የሚሊዮን ባለቅኔዎች አገር» የምትባለው በዚህ በቃል የመያዝ ልማድ የተነሣ ይመስለኛል።

አገሪቱ በፈረንሳይ ሥር የወደቀችው፣ ነጻ የወጣችውስ መቼ ነው?

ፈረንሳዮች በሴኔጋል ሆነው ለዘመናት ከበረሃው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ከግራር ዛፍ የሚገኘው ሙጫ ነው። ምድሩን ለመያዝ የተነሡት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ሲሆን ዕቅዱን የመራው ግዛቪዬ ኮፖላኒ ዛዋያዎችን በስምምነት፣ ጦረኞቹን በኃይል ለማስገበር ሞከረ፤ በ1905 ግን ቲጂክጃ ላይ ተገደለ። አድራር በ1909 ተያዘ። ከዚያ በኋላም ቅኝ ግዛቱ የሚተዳደረው ከራሱ ምድር ውጭ፣ ሴኔጋል ውስጥ ካለችው ከሴን ሉዊ ነበር፤ ዋና ከተማዋ ኑዋክሾት በአሸዋ ላይ መገንባት የጀመረችው ነጻነት ሲቃረብ ነው።

ነጻነት በኖቬምበር 28 ቀን 1960 ታወጀ፤ ሞሮኮ ግን አገሪቱ በሙሉ የእኔ አካል ናት በማለት አላወቀችም፣ ዕውቅና የሰጠችውም በ1969 ነው። በሜይ 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት የሞሮኮው ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰን ያልተገኙት ሞክታር ዉልድ ዳዳህ እንደ አገር መሪ በመጋበዛቸው ምክንያት ነበር።

በምዕራብ ሳሃራ ጦርነት ምን ድርሻ ነበራት?

በ1975 ስፔን ምዕራብ ሳሃራን ስትለቅ ግዛቱን ሞሮኮና ሞሪታንያ ተካፈሉት። ለሞሪታንያ የደረሳት ከጥቅሙ ይልቅ ዕዳው ነበር፤ ለምዕራብ ሳሃራ ነጻነት የሚታገለው የፖሊሳሪዮ ተዋጊዎች ዋና ከተማዋንና የማዕድን ባቡሩን ሳይቀር ስላጠቁ ኢኮኖሚዋ ተንኮታኮተ። በጁላይ 1978 ወታደሮች ዉልድ ዳዳህን አወረዱ፤ በ1979 አገሪቱ ድርሻዋን ትታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ መፈንቅለ መንግሥት እየተደጋገመ ቆይቶ፣ ሥልጣን ከተመረጠ ፕሬዚዳንት ወደ ተመረጠ ፕሬዚዳንት የተላለፈው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2019 ነው፤ አስረካቢውም ተረካቢውም ግን ጄኔራሎች የነበሩ ናቸው።

ሕዝቡ ዛሬም ዘላን ነው?

አብዛኛው አይደለም። በነጻነት ጊዜ ብዙኃኑ ከድንኳን ወደ ድንኳን የሚኖር ነበር፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተደጋገመው ድርቅ ግን ከብቱን ጨርሶ ሰውን ወደ ከተማ አፈለሰው። ለጥቂት ሺህ ሰዎች የታሰበችው ኑዋክሾት ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል። ድንኳኑ ግን ከልማድ አልጠፋም፤ ከግንብ ቤቱ አጠገብ ድንኳን ተክሎ እንግዳ የሚቀበል ባለጸጋ ብዙ ነው። ሻዩም እንደዚያው ነው፦ የቻይና አረንጓዴ ሻይ ከናና ጋር በትንሽ ማንቆርቆሪያ ፈልቶ፣ ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ከፍ ተደርጎ እየተገላበጠ አረፋው ግማሽ ብርጭቆ እስኪሞላ ይቀዳል፤ ሦስት ጊዜ ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው።

በሰሜን የዝዌራት ብረት ሌላ ኑሮ ፈጥሯል። ከ1963 ጀምሮ ከዚያ እስከ ኑዋዲቡ ወደብ ድረስ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ባቡር እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ የአካባቢው ሰው ፊቱን በጥምጥም ሸፍኖ፣ ከፍየሎቹ ጋር በማዕድኑ ክምር ላይ ተቀምጦ ሲጓዝበት ኖሯል።

በባሕሩ ዳርቻ፣ በባንክ ዳርጋን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ኢምራጉን የሚባሉ ጥቂት ዓሣ አጥማጆች አሉ። ውኃውን በዱላ ሲመቱት ዶልፊኖች የዓሣ መንጋ የመጣ መስሏቸው ወደ ዳር ይቀርባሉ፤ ሲቀርቡም ሙሌት የተባለውን ዓሣ ወደ መረቡ ይገፉላቸዋል።

ባርነት ዛሬም አለ የሚባለው እውነት ነው?

አዎን፤ ይሁንና ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በገበያ የሚሸጥና የሚገዛ ባሪያ የሚታይበት አገር አይደለም። ያለው በእናት በኩል የሚወረስ ጥገኝነት ነው፤ ያለ ደመወዝ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ በጌታዋ ቤት የተወለደችና ልጆቿም እንዲሁ የሚቆጠሩ ሴት የመሳሰለው ነው። ከዚህ ጎን ለጎን፣ በሕግ ነጻ ሆነው መሬትም መታወቂያም የሌላቸው እጅግ ብዙ ሐራጢኖች አሉ። ይህ ነውር የቢዳኖች ብቻ አድርጎ መቁጠርም ስሕተት ነው፤ በሶኒንኬና በሃልፑላር መንደሮችም የባሪያ ዘር ተብሎ በመቃብርና በጋብቻ የሚገለል ሰው አለ።

በ1978 ኤል ሆር የተባለ የሐራጢኖች ንቅናቄ ተመሠረተ፤ በ1980 አታር ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት በመሸጧ ሰልፍ ተነሣ፤ በ1981 መንግሥት ባርነትን ሰረዘ፤ ሞሪታንያም በዓለም የመጨረሻዋ ሆነች። ነገር ግን ሕጉን የሚተላለፈውን የሚቀጣ ድንጋጌ አልነበረም፤ ባርነት ወንጀል የሆነው በ2007 ሲሆን በ2015 ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት እስራት ከፍ ብሏል። የተፈረደባቸው ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። በተደጋጋሚ የታሰረው የፀረ ባርነት ታጋይ ቢራም ዳህ ዐበይድ በ2014፣ በ2019 እና በ2024 የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ሁለተኛ ሆኖ ወጥቷል።

በ1989 ምን ተፈጠረ?

ሥሩ ከዚያ በፊት ነው። በ1966 ዐረብኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግዴታ ሲሆን የወንዙ ተማሪዎች፣ ፈረንሳይኛ ይቀለናል ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት ሥራ ልንወጣ ነው ብለው ስለተቃወሙ በኑዋክሾት ደም ፈሰሰ። ከድርቁ በኋላ የወንዙ ዳር መሬት ሲወደድ ደግሞ ጠቡ የቋንቋ ብቻ መሆኑ ቀረ። በኤፕሪል 1989 በወንዙ አጠገብ በግጦሽ የተነሣው ግጭት በዳካርና በኑዋክሾት ወደ ጭፍጨፋ ተለወጠ፤ ሁለቱ መንግሥታት ዜጎቻቸውን በአውሮፕላን ሲለዋወጡ የሞሪታንያ ባለሥልጣናት የራሳቸውን ጥቁር ዜጎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን «ሴኔጋላውያን ናችሁ» ብለው መታወቂያቸውን እየቀሙ በወንዙ አሻገሩ።

በቀጣዩ ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ ያሉ ጥቁር ወታደሮች በአመፅ ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ኢናል በተባለው ሰፈር በኖቬምበር 28 ቀን 1990፣ የነጻነት በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ 28 ወታደሮች ተሰቀሉ። በ1993 የወጣው የምሕረት ሕግ ገዳዮቹ እንዳይከሰሱ ዘጋ። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያ ቀን ባንዲራ ሲሰቀል የሟቾቹ ሚስቶችና ልጆች ጥቁር ለብሰው ሰልፍ ይወጣሉ። ከ2008 እስከ 2012 ከሴኔጋል 24,000 ገደማ ስደተኞች በይፋ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ሲመለሱ እርሻቸው በሌላ ሰው እጅ፣ የልደት መዝገባቸው ደግሞ ጠፍቶ ስላገኙት ጉዳያቸው እስከ ዛሬ በየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ይንከባለላል።